እጁ ምላሱም ነበር፦ የአንድ የጎንደር ልብስ ሰፊ የአንጎል ኤሌክትሮድ ጉዳይ

ታካሚው የ23 ዓመት ወጣት ነው፤ ጎንደር፣ አራዳ ገበያ አጠገብ ከእህቱ ጋር ልብስ ይሰፋል። ማንነቱን የሚያሳውቅ ዝርዝር እዚህ አልገባም። ከልጅነቱ ጀምሮ አይሰማም። ወደ ነርቭ ክሊኒክ ያመጣው ግን ጆሮው ሳይሆን መቀሱ ነው። ጨርቅ ሊቆርጥ መቀሱን ሲይዝ የቀኝ እጁ አውራ ጣት ወደ መዳፉ ይገባል፣ አንጓው ይታጠፋል፣ ክርኑ ከጎኑ ይሸሻል። መቀሱን ሲያስቀምጥ እጁ ይፈታል። በመጀመሪያው ዓመት ይህ የሚሆነው ሲቆርጥ ብቻ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ማንኪያ ሲይዝም መጣ፤ በሦስተኛው ምንም ሳይይዝ ይጠመዝዘው ጀመር፤ አንገቱም ወደ ግራ መዞር ያዘ።

ችግሩ ዲስቶኒያ ይባላል። አንድን እንቅስቃሴ የሚሠሩት ጡንቻዎችና የሚቃወሙት ጡንቻዎች በአንድ ጊዜ እየተኮማተሩ አካልን ያጣምማሉ። በሌላ ልብስ ሰፊ ላይ ቢደርስ እንጀራውን የሚነካ ችግር ነው። እዚህ ግን እጁ ምላሱም ነው። ወጣቱ የሚናገረው በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ነው፤ በጣት ፊደል ሲጽፍ የእጁ ቅርጽ ተነባቢውን፣ የእጁ እንቅስቃሴ ደግሞ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉትን ሰባቱን ቤቶች ይለያል። አንጓው ሳይታዘዝ ሲዞር «ለ» ሊል ያሰበው «ሉ» ይሆንበታል፤ ወይም ጭራሽ ፊደል አይሆንም። እህቱ ሁኔታውን ስትገልጸው «እንደ ሰከረ ሰው ነው የሚያወራኝ» ብላለች።

በዘርፉ የተለመደው መለኪያ የበርክ፣ ፋንና ማርስደን ሰንጠረዥ ነው። ከ120 ነጥብ ይታሰባል፤ ነጥቡ ሲበዛ ሕመሙ ከፍቷል ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ክንድ 16፣ ለንግግርና ለመዋጥ በጋራ 16 ተመድቧል። የወጣቱ ድምር 44 ወጣ፤ ቀኝ ክንዱ ብቻውን 12 ያዘ። በንግግር ረድፍ የተጻፈው ግን ዜሮ ነው፤ ሰንጠረዡ የሚጠይቀው ስለ አፍ ነውና። ስለዚህ ከሰንጠረዡ ጎን ሌላ መለኪያ ተጨመረ። ወጣቱ 20 ቃላትን በጣት ፊደል ይጽፋል፤ ምን እንደሚጽፍ የማታውቀው እህቱ ያነበበችውን ትናገራለች። በመጀመሪያው ቀን 7 ቃል አነበበች። ቀላል ፈተና ነው፤ ከዚያ በኋላ የተደረገው ውሳኔ ሁሉ ግን የተመዘነው በዚህ ነው።

የመርፌው ወሬና የእናት ወገን

ቤተሰቡ «በአራት ዓመቱ ከተወጋው መርፌ በኋላ ነው የደነቆረው» ይል ነበር። ግምቱ መሠረት አለው። ጄንታሚሲንና ስትሬፕቶማይሲን የውስጥ ጆሮን ይጎዳሉ፤ 1555 በተባለው የማይቶኮንድሪያ (የሕዋስ ኃይል ማምረቻ) ዲኤንኤ ነጥብ ላይ ለውጥ ያለበት ሰው ደግሞ በመደበኛ መጠን ተወግቶም መስማቱን ሊያጣ ይችላል። ማጅራት ገትርም ልጆችን በማደንቆር የታወቀ ነው። ሦስት ነገር ግን ከዚህ ጋር አልገጠመም።

መስማቱ የጠፋው በአንድ ሳምንት ሳይሆን በዓመታት ውስጥ ነው፤ መጀመሪያ ድምፅ እየሰማ ቃል መለየት አቃተው። በጆሮ ምርመራም የውስጥ ጆሮ ፀጉራማ ሕዋሳት ለድምፅ ምላሽ ሲሰጡ ተገኙ፤ ከጆሮ ወደ አንጎል ግንድ የሚሄደው የነርቭ ሞገድ ግን የለም። ማለትም ማይክራፎኑ ይሠራል፣ ገመዱ ተቋርጧል። መርፌ በዋናነት የሚጎዳው ማይክራፎኑን ነው። ሦስተኛውን ነገር እናትየው ያነሡት ከስንት ቀጠሮ በኋላ ነው፦ የእሳቸው ወንድም በልጅነቱ ደንቁሮ፣ በጉርምስናው አንገቱ ተጣሞ፣ ኋላም ዓይኑ ጠፍቶ ሞቷል። በቤቱ እርግማን ነው ስለሚባል አይወራም ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። «በእናት ወገን መጣ» ሲባል ሐኪምም ቢሆን ቶሎ ወደ ማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ያዘነብላል። የማይቶኮንድሪያ የራሷ ዲኤንኤ 37 ዘረ-መሎች ብቻ ያሉት አጭር ቀለበት ነው፤ እናት ለወንድም ለሴትም ልጆቿ ታወርሰዋለች። እዚህ ቤት ግን ሁለቱ ሴት ልጆች ደህና ይሰማሉ፤ የታመሙት ወንዶች ብቻ ናቸው። ይህ የኤክስ ክሮሞዞም አወራረስ ነው። ማይቶኮንድሪያ የምትሠራባቸው አብዛኞቹ ፕሮቲኖች የሚጻፉት በሕዋሱ አስኳል ውስጥ ስለሆነ፣ ሕመሙ የማይቶኮንድሪያ ሆኖ ጥፋቱ በኤክስ ክሮሞዞም ላይ ሊገኝ ይችላል።

የደም ናሙናው ውጭ አገር ተልኮ ቲም 8 ኤ በተባለው ዘረ-መል ላይ የአንድ ፊደል ለውጥ ተገኘ። በሽታው የሞር-ትራንብያርግ ሕመም ይባላል። መጀመሪያ የተዘገበው እ.ኤ.አ. በ1960 ኖርዌይ ውስጥ በአንድ ቤተሰብ ላይ ሲሆን፣ ዘረ-መሉ የታወቀው በ1996 ነው። ከዘረ-መሉ የሚሠራው ፕሮቲን 97 አሚኖ አሲድ ብቻ ያለው ትንሽ ነገር ነው፤ በማይቶኮንድሪያ ሁለት ሽፋኖች መካከል ቆሞ ሌሎች ፕሮቲኖችን ወደ ውስጠኛው ሽፋን ያሻግራል፤ በር ላይ የቆመ ተሸካሚ እንደማለት ነው። የኃይል ማምረቻው ሰንሰለት ራሱ ብዙ ጊዜ ጤነኛ ስለሆነ በደም ውስጥ ያለው ላክቴት፣ የኃይል ምርት ሲታወክ የሚጠራቀመው አሲድ፣ ከፍ አይልም። የዚህም ወጣት ላክቴት ልክ ነበር። ላክቴቱ ልክ ስለሆነ የማይቶኮንድሪያ ሕመም የለም ብሎ መዝገብ መዝጋት ስህተት ነው።

የበሽታው አካሄድ ይታወቃል፦ መጀመሪያ ጆሮ፣ በጉርምስና ወይም በወጣትነት ዲስቶኒያ፣ ከዚያ ዓይን፣ በዕድሜ ደግሞ የማሰብ ችሎታ። ወጣቱ ከቤት ሲወጣ ፀሐይ ዓይኑን እንደሚወጋው ከተናገረ ቆይቷል፤ ኮፍያውን ዝቅ አድርጎ ነው የሚሄደው። በኤምአርአይ የኋለኛው የአንጎል ክፍል ትንሽ መሳሳቱ ታይቷል። የዓይኑ ነገር ለቤተሰቡ በግልጽ ተነገረ፤ ኋላ በተደረጉት ብዙ ምርጫዎች ውስጥም ገብቷል።

ቀዶ ሕክምና ከመታሰቡ በፊት

መጀመሪያ የሚታከሙት በሽታዎች አንድ በአንድ ተጣሩ። ዊልሰን የሚባለው የመዳብ ክምችት ሕመም በደም ሴሩሎፕላዝሚንና በዓይን ምርመራ ተፈተሸ። ሌቮዶፓ የተባለው የፓርኪንሰን መድኃኒት በቀን እስከ 600 ሚሊግራም ደርሶ ለስድስት ሳምንት ተሞከረ፤ በትንሽ ሌቮዶፓ የሚድን ዲስቶኒያ ስላለ ይህ ሙከራ በማንም ወጣት ላይ አይዘለልም። ለውጥ አልመጣም። አርቴን ከ2 ሚሊግራም ተጀምሮ 16 ሲደርስ አንገቱን ትንሽ አላላው፤ ነገር ግን እይታውን አደበዘዘበት። ዓይኑ እየደከመ ላለ ሰው ይህ ሁለት ጊዜ ክፉ ነው፤ ብዥታው ከመድኃኒቱ ይሁን ከበሽታው መለየት አይቻልም። መጠኑ ወደ 6 ተመለሰ። ጡንቻ የሚያላላው ባክሎፌን እንቅልፍ ብቻ ጨመረ። የቦቱሊነም መርፌ ለአንገት መልካም ነው፤ ለጣት ግን መጠኑ ትንሽ ካለፈ እጁን ያዝላል፣ በሦስት ወር አካባቢም መደገም አለበት። ምልክት ቋንቋ ጠማማ ጣትን እንደማይምር ሁሉ የዛለ ጣትንም አይምርም።

የቀረው ጥልቅ የአንጎል ማነቃቂያ ነው። ዘመናዊው ዘዴ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1987 ግረኖብል፣ ፈረንሳይ ውስጥ በቤናቢድና ፖላክ ቡድን ለመንቀጥቀጥ ነው፤ አሜሪካ ለዲስቶኒያ የፈቀደችው በ2003 ነው። ቀጭን ኤሌክትሮድ ወደ አንጎል ጥልቅ ክፍል ይገባል፤ ከቆዳ ሥር በሚሄድ ገመድ ደረት ላይ ከተቀበረ ባትሪ ጋር ይገናኛል፤ ያለማቋረጥ የሚመጣው ፈጣን ምት የተዛባውን የእንቅስቃሴ ዑደት ያስተካክላል።

ለማይቶኮንድሪያ ሕመም ይሠራል ወይ? በጅምላ መልስ የለውም፤ የሚወስነው ኤሌክትሮዱ የሚያርፍበት ቦታ በሕይወት መኖሩ ነው። ሊ በሚባለው የሕፃናት ሕመም ግሎበስ ፓሊደስ ወይም ፑታመን (እንቅስቃሴን የሚቆጣጠሩ የአንጎል ጥልቅ ክፍሎች) ራሱ ሞቶ ሊገኝ ይችላል፤ የሞተ ቦታን ማነቃቃት ትርፉ ትንሽ ነው። በሞር-ትራንብያርግ ግን ግሎበስ ፓሊደስ በኤምአርአይ ብዙ ጊዜ ሙሉ ሆኖ ይታያል፤ የታተሙት ጥቂት የጉዳይ ዘገባዎችም ዲስቶኒያው መሻሻሉን ያሳያሉ። ጆሮን አይመልስም፣ ዓይንን አያድንም፣ የበሽታውን ጉዞ አይገታም። ቤተሰቡ ይህን በምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ በኩል ሦስት ጊዜ ሰማ። በእህት አስተርጓሚነት ማስፈረም ተገቢ አልነበረም፤ እህት የምትወደውን ወንድሟን ላለማስደንገጥ «ዓይንህ ይጠፋል» የሚለውን ዘልላ ነበር።

ከፊርማው በፊት አንድ የደም ምርመራ ቀርቶ ነበር፤ በዚህ በሽታ ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነው። ከቲም 8 ኤ ጎን፣ ከአንድ ሺህ ፊደል ባነሰ ርቀት፣ ቢቲኬ የሚባል ዘረ-መል አለ። ጥፋቱ የአንድ ፊደል ለውጥ ሳይሆን የክሮሞዞም ቁራጭ መጉደል ከሆነ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ፤ ቢቲኬ የሌለው ወንድ ልጅ ደግሞ ፀረ-እንግዳ አካል አይሠራም። እንዲህ ያለ ሰው ደረት ውስጥ ባዕድ ብረት መቅበር ኢንፌክሽን መጋበዝ ነው። ታካሚው በልጅነቱ በተደጋጋሚ የሳንባ ምች ታሞ እንደሆነ ተጠየቀ፤ ኢሙኖግሎቡሊን የሚባሉት ፀረ-እንግዳ አካላት (ጂ፣ ኤ እና ኤም) ከሚሠራቸው ቢ ሕዋስ ቁጥር ጋር ተለኩ። ሁሉም ልክ ሆነ። ልክ ባይሆንም ቀዶ ሕክምናው አይቀርም ነበር፤ ኢሙኖግሎቡሊን በደም ሥር ከተጀመረ በኋላ ይደረግ ነበር።

የባትሪ ምርጫ

የማይሞላ ባትሪ ለዲስቶኒያ በሚያስፈልገው ከፍ ያለ ኃይል ከ3 እስከ 5 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ ያነሰ ይቆያል፤ ሲያልቅ ለመቀየር ደረቱ እንደገና ይከፈታል። ቀዶ ሕክምናው የሚደረገው ሕንድ አገር ስለሆነ እያንዳንዱ ቅያሪ የቲኬት፣ የቪዛና የሆስፒታል ወጪ ነው። የሚሞላው ዓይነት እንደ ሞዴሉ ከ9 እስከ 15 ዓመትና ከዚያም በላይ ያገለግላል፤ ግን በየሳምንቱ ቻርጅ ይፈልጋል።

እናትየው ይህን ሲሰሙ የጠየቁት ጥያቄ ከሁሉ የበለጠ ቁም ነገር ያለው ነበር። «ታዲያ ዶክተር፣ መብራት ሲጠፋ ልጄም አብሮ ሊጠፋ ነው?»

«አይጠፋም እማማ፤ ቻርጀሩ የራሱ ባትሪ አለው። መብራት ባለ ሰዓት ሁሉ እሱን ሙሉት፤ ቢሄድም ከእሱ ይሞላል።»

መልሱ ልክ ነው፤ የሚሞላውም ተመረጠ። የጎደለው ነገር ከወራት በኋላ ታየ።

ቀዶ ሕክምናው

ሙሉ ማደንዘዣ ተመረጠ፤ እንዲህ የሚጠመዘዝን ሰው ነቅቶ ጭንቅላቱን በብረት ክፈፍ ውስጥ ማቆየት አይቻልም። የማይቶኮንድሪያ ሕመም መሆኑ ማደንዘዣውን በጥቂት ነጥብ ይቀይረዋል። ጾሙ አጠረ፦ ከመግባቱ ሁለት ሰዓት በፊት ድረስ ጥርት ያለ የስኳር ውኃ ጠጣ፣ ከዚያ በኋላ ዴክስትሮስ ያለበት ሳላይን ተተከለለት፤ ሪንገር ላክቴት ተተወ። ለማስተኛት አንድ ጊዜ የሚሰጥ ፕሮፖፎል ይቻላል፤ ለሰዓታት በጠብታ ማስኬድ ግን የማይቶኮንድሪያን ሥራ ስለሚያውክ በሴቮፍሉሬንና በአጭር ጊዜ ኦፒዮይድ ተተካ። ሰውነቱ እንዳይቀዘቅዝ ሞቆ ቆየ። የልብ ኢሲጂና አልትራሳውንድ ቀድሞ ታይቷል። ይህ በሽታ እንደ ሌሎቹ የማይቶኮንድሪያ ሕመሞች ድንገተኛ የኃይል ቀውስ የማምጣት ልማድ የለውም፤ ጥንቃቄው ግን ርካሽ ነው።

በየትኛውም መመሪያ ላይ ያልተጻፈ ሌላ ጥንቃቄም ነበር። መርፌው ግራ ክንዱ ላይ፣ ከአንጓው በላይ ተተከለ፤ ሲነቃም ቀኝ እጁ እንዳይታሰር ታዘዘ። በማገገሚያ ክፍል የሚወራጭን ታካሚ እጁን ከአልጋው ማሰር የተለመደ ነው። ይህን ሰው ግን ማሰር አፉን ማፈን ነው።

ክፈፉ ከታሰረ በኋላ ሲቲ ስካን ተነሥቶ ቀድሞ ከተሠራው ኤምአርአይ ጋር ተጋጠመ። ዒላማው የግሎበስ ፓሊደስ ውስጠኛ ክፍል የኋላና የታች ጫፍ ነው፦ ከመካከለኛው መስመር 20 ሚሊሜትር ወደ ጎን፣ ከፊተኛውና ከኋለኛው የአንጎል መጋጠሚያ መሃል 2 ወደ ፊት፣ 4 ወደ ታች። በሁለቱም ወገን 14 ሚሊሜትር ቀዳዳ ተከፈተ። ኤሌክትሮዱ 1.27 ሚሊሜትር ውፍረት አለው፤ ጫፉ ላይ አራት መገናኛዎች አሉት፣ እያንዳንዳቸው 1.5 ሚሊሜትር ርዝመት ያላቸው። ከዒላማው ወዲያ ሁለት ጎረቤቶች አሉ፦ ወደ ኋላና ወደ ውስጥ እንቅስቃሴን የሚያወርደው የነርቭ ጎዳና፣ ወደ ታች የዓይን ነርቭ መንገድ። ሁለት ሚሊሜትር መሳሳት ፊት ማጣመም ወይም ብልጭታ ማሳየት ማለት ነው።

ገመዱ የሚጋጠምበት ወፍራም ማያያዣ የተቀመጠው አንገት ላይ ሳይሆን ከጆሮ በላይ፣ የራስ ቅል ላይ ነው። አንገቱ በቀን ሺህ ጊዜ በሚዞር ሰው ላይ ማያያዣው አንገት ውስጥ ካረፈ ገመዱ ይበጠሳል፤ ወይም ኤሌክትሮዱን ከቦታው ይስበዋል። ባትሪው በግራ ደረቱ ከቆዳው ሥር ተቀበረ። ማተቡን ነርሷ በጥሳ ለእናቱ ሰጥታ ነበር፤ ቁስሉ ሲድን መልሶ አሰረ፤ መስቀሉ ግን ባትሪው ላይ እንዳያርፍ ክሩን አሳጠረው። ጸበሉን እስኪድን ይጠጣው እንጂ ራሱ ላይ አያፍስሰው ተባለ።

ሞገዱን ማስተካከል

ማሽኑ የበራው በሦስተኛው ሳምንት ነው። ብዙውን ጊዜ ሐኪሙ ኃይሉን እየጨመረ «ምን ተሰማህ?» ይላል፤ ታካሚው በአፉ ይመልሳል። እዚህ ታካሚው የሚመልሰው በሚፈተነው እጁ ነው፤ ሞገዱ ጣቱን ከሳበው መልሱም አብሮ ይበላሻል። ስለዚህ አራት ምልክቶች ለግራ እጁ አስቀድመው ተወሰኑ፦ ብልጭታ፣ መሳብ፣ መደንዘዝ፣ ምንም። እያንዳንዱ መገናኛ ብቻውን ተሞከረ። ታችኛው በ2 ሚሊአምፔር ብልጭታ አመጣ፤ የዓይን መንገድ ቅርብ ነው ማለት ነውና ተዘጋ። ሁለተኛው እስከ 4 ድረስ ምንም አላስከተለም፤ እሱ ተመረጠ። አነሳሱ በ1.5 ሚሊአምፔር፣ በሰከንድ 130 ምት፣ የእያንዳንዱ ምት ስፋት 90 ማይክሮሰከንድ ነው።

ጎንደር ውስጥ ይህን ማሽን የሚከፍት ፕሮግራመር ስለሌለ ሐኪሞቹ ወሰን አስቀምጠው ለቤተሰቡ የእጅ መቆጣጠሪያ ሰጡ፦ በየሁለት ሳምንቱ 0.2 መጨመር ይቻላል፣ ከ3.2 በላይ መሣሪያው ራሱ አይፈቅድም። ዲስቶኒያ እንደ መንቀጥቀጥ በደቂቃ አይመለስም። የሚወራጨው እንቅስቃሴ በቀናትና በሳምንታት ይቀንሳል፤ የደረቀው ጠማማነት ግን ወራት፣ አንዳንዴ ዓመት ይፈልጋል። ትዕግሥት ያጣ ቤተሰብ በየቀኑ ይጨምራል፤ ከዚያ የቱ ጭማሪ ምን እንዳመጣ ማንም አያውቅም። እህትየው በልብስ መለኪያ ደብተሯ ጀርባ ቀን፣ ቁጥርና የተነበቡ ቃላት እየጻፈች ያዘችው።

በሱቁ አንድ ነገር ብቻ ተቀየረ። መሬት ላይ የወደቀ መርፌ የሚለቅሙት ከአሮጌ ስፒከር በወጣ ትልቅ ማግኔት ነበር፤ አንዳንድ ሞዴል ባትሪዎች ማግኔት ሲቀርባቸው ይጠፋሉ። ማግኔቱ በእንጨት ላይ ተቸንክሮ ከደረት ርቆ እንዲያዝ ሆነ። የእግር ሲንጀሩ ምንም አያደርግም።

አምስተኛው ወር

በአምስተኛው ወር ወጣቱ በሌሊት ሰውነቱ ሁሉ ተጠማዝዞ፣ ላቡ እየወረደ ወደ አንድ ጤና ተቋም ተወሰደ። ሙቀቱ 38.6 ነበር። ወባና ማጅራት ገትር ታሰበ፤ ማስታወክን ለማስቆም ፕላሲል ተዘጋጀ፤ የራስ ኤምአርአይም ተጠየቀ። ሁለቱም አደገኛ ነበሩ። ፕላሲል ዲስቶኒያን ያባብሳል፤ ኤምአርአይ ደግሞ መሣሪያው ለዚያ ታስቦ የተሠራና በትክክለኛው ሁኔታ የተዘጋጀ ካልሆነ ኤሌክትሮዱን አሙቆ አንጎልን ሊያቃጥል ይችላል። ያዳነው እናቱ ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ያወጡት በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ካርድ ነው፦ «አንጎሌ ውስጥ ኤሌክትሮድ አለ። ኤምአርአይ፣ የሙቀት ዲያተርሚ፣ ፕላሲል፣ ሃሎፔሪዶል አይሰጠኝ። መጀመሪያ ባትሪዬን እዩ።»

ባትሪው ባዶ ነበር። መብራት ለሦስት ቀን ጠፍቶ ነበር፤ ምክንያቱ ግን እሱ አይደለም፤ ቻርጀሩ ሙሉ ነበር። እህቱ ለሠርግ ወደ ደምቢያ ሄዳ ወጣቱ ሁለት ጊዜ ብቻውን ቻርጅ አድርጓል። ደረት ላይ የሚደረገው ጠፍጣፋ ማሰራጫ ከባትሪው መሃል ሲንሸራተት የሚያስጠነቅቀው በጩኸት ነው። አልሰማውም። ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ትንሽ ምልክትም በዚያ ደብዛዛ ዓይን አልታየውም። ሁለት ሌሊት ሙሉ ከምንም ጋር ሳይገናኝ ደረቱ ላይ ታቅፎት ተኝቷል። ለማይሰማና ዓይኑ ለሚደክም ሰው በድምፅና በብርሃን ብቻ የሚናገር መሣሪያ ተሰጥቶታል፤ ይህንን መሣሪያው ሲመረጥ ማሰብ ይገባ ነበር።

ሕክምናው ሁለት መንገድ ያዘ። ማሰራጫው በእናቱ እጅ ተይዞ ቻርጅ ተጀመረ። ጎን ለጎን በደም ሥር ዲያዜፓም፣ ዴክስትሮስ ያለው ፈሳሽና ማቀዝቀዣ ተሰጠ፤ ሽንቱ መጥቆሩና ሲኬ የሚባለው የጡንቻ ኢንዛይም በየ12 ሰዓቱ ታየ፤ ጡንቻ ለሰዓታት ሲኮማተር ተሰባብሮ ኩላሊት ይዘጋልና። ማሽኑ ሲጠፋ እንዲህ የሚመጣው ማዕበል ካልተያዘ ይገድላል። በ40 ደቂቃ ውስጥ ሞገዱ ተመለሰ፤ ሰውነቱ ሙሉ በሙሉ የተፈታው ግን በአራተኛው ቀን ነው። አንዳንድ ሞዴሎች በተደጋጋሚ እስከ ዜሮ ከተሟጠጡ ለዘለቄታው ይዘጋሉ፤ ይህኛው ተነሣ።

መፍትሔውን ያመጣው ራሱ ወጣቱ ነው። ከአሮጌ ኮት ገበር ሰደርያ ሰፋ፤ በግራ ደረቱ ላይ፣ የባትሪው ጠርዝ በጣት ተዳስሶ በሳሙና ከተሰመረ በኋላ፣ ማሰራጫው ልክ የሚገባበት ኪስ አበጀለት፣ በሁለት ቁልፍ የሚዘጋ። ከማሰራጫው ሥር አንድ እጥፍ ጥጥ ብቻ ነው ያለው፤ ባዶ ቆዳ ላይ ሲሆን ይሞቃል፣ ሁለት እጥፍ ሲሆን ደግሞ ግንኙነቱ ይደክማል። ቻርጁ ከጾሙ ጋር ተያዘ፦ ረቡዕና ዓርብ፣ አንድ ሰዓት ያህል፣ እህቱ ወይም እናቱ መጀመሪያ ላይና ከአሥር ደቂቃ በኋላ ስክሪኑን እያዩ። ራሱን ከጾም ስለማስቀረት የንስሐ አባቱ ፈቅደውለታል፤ እሱ ግን ረቡዕን በቻርጁ አይረሳም።

በዓመቱ

በ12ኛው ወር የሰንጠረዡ ድምር ከ44 ወደ 26 ወረደ፤ ቀኝ ክንዱ ከ12 ወደ 5። ዲዋይቲ 1 በተባለው የታወቀ የዘር ዲስቶኒያ ከሚገኘው መሻሻል ያንሳል፤ አንጎሉ እየከሰመ ባለ ሰው ከዚህ በላይ መጠበቅም አይገባም። የእግሩ አካሄድ ብዙም አልተቀየረም። እይታው ቀንሷል፤ ይህ የኤሌክትሮዱ ጥፋት እንዳልሆነ በዓይን ምርመራው ንጽጽር ታውቋል። ኃይሉ 2.9 ላይ ቆሟል፤ 3.1 ሲደርስ ከንፈሩ ወደ ግራ ይሳብ ስለነበር ወደ ኋላ ተመለሰ። ከ20 ቃላት 17 ይነበባሉ። ቀጥ ያለ ስፌት ይሰፋል፣ ይቆርጣል፤ የቁልፍ ቀዳዳ ግን ለእህቱ ይተዋል።

ለእህትየው የዘር ምክር ተሰጥቷል። እሷ ጤነኛ ብትሆንም ተሸካሚ የመሆን ዕድሏ ግማሽ ነው፤ ተሸካሚ ከሆነች እያንዳንዱ ወንድ ልጇ በሽታውን የመውረስ ግማሽ ዕድል ይኖረዋል። ምርመራውን ለማሰብ ጊዜ ጠይቃለች።

አሁን የተያዘው ሥራ በእጅ ላይ ምልክት ማድረግን መልመድ ነው። ዓይኑ ሲጠፋ የሌላውን ምልክት የሚያነበው በመዳፉ ስለሆነ፣ ሳይጠፋ መልመድ አለበት። ማታ ሱቁ ሲዘጋ ዓይኑን በመለኪያ ሜትሩ ያስራል፤ እህቱ የቀኑን ደንበኞች ልክ በመዳፉ ላይ ትጽፋለች፦ ደረት 96፣ ወገብ 81፣ እጅጌ 60። እሱ በጠመኔ ጨርቁ ላይ ያሰፍራል። ባለፈው ቀጠሮ ከአሥር ልክ ዘጠኙን አግኝቶ ነበር፤ የተሳሳተው እጅጌ ላይ ነው፣ በ2 ሳንቲሜትር።